የጎሬን ዝናብ ቀይ አፈር አይጠጣውም

ፒያሳ ሙሄን በስሙ አይጠራውም ነበር። "ሚሊ" ነበር የሚሉት። አራዳ መቼም ለሰው ስም ሲያወጣ እናት አባት አያማክርም። ሙሄ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሥራው ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚላከውን የዝናብ ልክ በትልቅ መዝገብ ላይ መገልበጥ ነው። አንድ ቀን ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ባንኮኒ ተደግፎ፣ ዝናብ በሊትር ሳይሆን በሚሊ ሜትር እንደሚለካ ለጓደኞቹ ማስረዳት ጀመረ። አስረድቶ ሳይጨርስ ስሙ ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ክረምት በገባ ቁጥር በዚያ ደጅ ሲያልፍ አንዱ መጥራቱ አይቀርም።

"ሚሊ! ትናንት ስንት ወረደ?"

"አሥራ ሰባት።"

"ምን አላት! እኔ ሃያ ብርሌ አውርጃለሁ።"

ሙሄ ይስቃል። ቀልዱ በየዓመቱ ያው ቢሆንም ይስቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፤ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጃንጥላው ግን ከሦስት ቦታ የተጣፈ።

ተወልዶ ያደገው ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። እናቱ ዙህራ ከወሎ ቆላ፣ ከቆቦ በኩል፣ በአንድ ክፉ ዓመት ከባሏ ጋር በእግሯ ወጥታ አዲስ አበባ የገባች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ አትክልት ተራ ቅመም እየሸጠች አንድ ልጇን አስተማረች። ስለ አገሯ ብዙ አታወራም። አንድ ነገር ግን በቤቷ ሕግ ነበር፤ ዝናብ አይሰደብም። ሐምሌ ላይ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲውጥ፣ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ኧረ ይህ ሰማይ ምን ነካው!" ብሎ ሲያማርር፣ ዙህራ "ተዉ፣ ይሰማል" ትላለች። ሙሄ ይህን እንደ እናት ወግ ይቆጥረው ነበር እንጂ ከየት እንደመጣ ጠይቆ አያውቅም።

መሥሪያ ቤቱ በየወሩ መጨረሻ ከመላ አገሪቱ ቅጾች ይደርሱታል። በየቦታው አንድ ታማኝ ሰው፣ ወይ መምህር፣ ወይ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ወይ ስልከኛ፣ ደጁ ላይ የቆርቆሮ መለኪያ ተተክሎለታል። ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ገልብጦ ይለካና ይጽፋል። ሙሄ ከነዚህ ሰዎች አንዱንም አይቶ አያውቅም፤ ግን ሁሉንም በእጅ ጽሑፋቸው ያውቃቸዋል። የጎሬው ድሬሰር ሙሉዓለም ቅጹ ጠርዝ ላይ ሳያማርር አይልክም። "ዛሬም ዘነበ። ጫማዬ ሻግቷል። ሚስቴ አንተም እንጉዳይ ልታበቅል ነው ትለኛለች።" የጎሬ የዓመት ዝናብ ከሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከኦጋዴን በኩል የሚመጣው ቅጽ ደግሞ አብዛኛው ባዶ ነው፤ የዓመቱ ድምር ጎሬ በአንድ ወር የምታገኘውን አያህልም። ሙሄ አንዳንዴ ቅጾቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያያቸው፣ የአንድ አባት ልጆች ርስት ተካፍለው አንዱ ሁሉን ወስዶ ሌላው እጁን አጣጥፎ የወጣ ይመስለዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን የቀይ አፈርን ቅጽ ነበር። ቀይ አፈር ከቆቦ በታች ያለች የቆላ መንደር ናት። ቅጹ ግርጌ ላይ "ሼህ እንድሪስ" ተብሎ ይፈረማል። ፊደሉ ደቃቅ፣ ጥንቅቅ ያለ ነው። ዝናብ ባልጣለበት ቀን እንኳ ዜሮ ብቻ ጽፎ አያልፍም። "ዜሮ። ደመና መጥቶ ነበር፤ ወደ ጋራው አለፈ።" "ዜሮ። ነፋስ ብቻ።" "ዜሮ። ቁራዎቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ዋሉ።" ሙሄ እነዚህን መስመሮች ወደ መዝገቡ ባይገለብጣቸውም ሁለት ሁለት ጊዜ ያነባቸው ነበር።

በሃምሳዎቹ ዓመታት በአንዱ፣ በቀይ አፈር በልጉ ሳይመጣ ቀረ። ሰኔ ገብቶ ወጣ፤ አራት ሚሊ ሜትር። በዚያው ሰኔ ጎሬ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ተክለሃይማኖት ሁሉንም ደምረው፣ አካፍለው፣ "የዘንድሮው የክረምት አገባብ በአማካይ መልካም ነው" የሚል ሪፖርት አዘጋጁና ሙሄ በንጹሕ እንዲጽፈው ሰጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ከበላይ የሚመጣ ቁጣ ይፈራሉ፤ መጥፎ ወሬ ማድረስ ደግሞ ቁጣ መጥራት ነው።

ሙሄ ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

"ጌታዬ፣ ይህ አማካይ ልክ አልመሰለኝም።"

"ድምሩ ተሳስቷል?"

"ድምሩስ ትክክል ነው።"

"ታዲያ?"

"የጎሬን ዝናብ ቀይ አፈር አይጠጣውም።"

አቶ ተክለሃይማኖት መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ሙሄ ተከራክሯቸው አያውቅም። "እኛ ቁጥር ነው የምንሠራው፣ ልጄ" አሉት ቀስ ብለው። "ደግሞ ሰውዬው ለክተው ይሁን ተኝተው በምን አወቅህ? መለኪያው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። በል፣ ማስጠንቀቂያ ጻፍላቸው።"

ጻፈ። እጁ እምቢ እያለው ጻፈ። መልሱ ከሐምሌ ቅጽ ጋር አብሮ መጣ። ሐምሌ በሙሉ ስድስት ሚሊ ሜትር ነበር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "መለኪያው አልተቀደደም። በየጧቱ ይጸዳል፤ የሚጸዳውም በአሸዋ ነው፤ ውሃ የለምና። የጎደለው ሰማዩ ነው። ካላመናችሁ ኑና እዩ።"

ማታ እራት ላይ እናቱን ጠየቃት። "እማ፣ ቀይ አፈርን ታውቂያታለሽ?"

ዙህራ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች። "ከእኛ ቀዬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ምነው?"

ነገራት። ከዚያ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ነገረችው። "ከአንተ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። በዚያ ዓመት ስንወጣ አዝያት ነበር። ወልድያ ሳንደርስ ቀበርናት። ጥሟት ነው የሞተችው፣ ርቧት አይደለም።" ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "ብላና ተኛ። ነገ ሂድና እይ።"

ሙሄ የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ። ወደ ሰሜን በሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ሁለት ቀን ተጓዘ። ከአዲስ አበባ ሲወጡ መስታወቱ በዝናብ ተሸፍኖ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ደሴ ሲደርሱ ካፊያ ነበር። ወልድያን ሲያልፉ መንገዱ አቧራ ሆነ። ከቆቦ በኋላ በእግሩ ነበር፤ መንገዱን የሚመራው አንድ ገበሬ ነው። ማሽላው ክንድ ሳያህል ተቃጥሎ ቆሟል። በየመንገዱ ዳር የከብት አጥንት አለ። ሰዎች እንስራ አዝለው ከማዶ ይመጣሉ፤ ገበሬው "ከሌሊት ጀምረው ነው የሚሄዱት፣ ለዚያች አንድ እንስራ" አለው።

ሼህ እንድሪስን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እሱ በሐሳቡ እንደሳላቸው ነጭ ጢም አላቸው። ያላሰበው ግን ዓይናቸውን ነበር፤ ሁለቱም በሞራ ተሸፍነው እንደ ወተት ነጥተዋል። ማየት ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

"ታዲያ ቅጹን ማን ነው የሚጽፈው?" አለ ሙሄ።

"እኔ ነኝ" አለች ከጓሮ የመጣች ሴት። ልጃቸው ሀጂራ ነበረች፤ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊደል ያስቆጠሯት አባቷ ናቸው። "የሚፈረመው በእሳቸው ስም ነው፤ ሹመቱ የእሳቸው ነውና። ጥፋት ከሆነ ይጻፉብኝ።"

ሙሄ ያን ሁሉ ወር ሁለት ሁለት ጊዜ ያነበባቸው መስመሮች የእሷ ነበሩ።

ሀጂራ በትንሽ ጣሳ ውሃ አቀረበችለት። ሙሄ መንገድ ያደከመው ሰው ነው፤ ግማሹን ጠጣ። ከዚያ በአዲስ አበባ ልማዱ፣ ሳያስበው፣ የቀረውን አፈሩ ላይ ደፋው።

ሼህ እንድሪስ ድምፁን ሰምተው ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። አፈሩ ውሃውን ወዲያው መጠጠው፤ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀረ። ሙሄ ያደረገው ነገር ሲገባው ፊቱ ጋለ።

ሀጂራ ነጥቡን አየችው። "አባዬ፣ ልጻፈው? ከሐምሌ ዝናብ ይበልጣል" አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ከዚያ እሷ ሳቀች። ሙሄ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለመሳቅም ለማልቀስም ተቸግሮ በመሃል ቀረ። ሀጂራን የወደዳት ያኔ ነው፤ ራሱ ነው ኋላ ላይ የተናገረው።

ሦስት ቀን ቆየ። ሦስቱንም ጧት ሀጂራ ሦስት ሰዓት ሲሆን መለኪያውን ስትከፍት አብሯት ቆመ። ደረቅ መሆኑን እያወቀች ትገለብጠዋለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፣ ትጽፋለች። "ለምን ትገለብጪዋለሽ? ባዶ መሆኑ ይታያል እኮ" አላት። "ሳይለኩ ዜሮ ማለትማ ውሸት ነው" አለችው።

አዲስ አበባ ሲመለስ ያየውን ስድስት ገጽ አድርጎ ጻፈ። አቶ ተክለሃይማኖት ቆመው ጀምረው ተቀምጠው ጨረሱት። ከዚያ የራሳቸውን ሪፖርት አስመጥተው "በአማካይ መልካም" የሚለውን በእጃቸው ሰረዙት። ቀይ አፈርና መሰሎቿ ለብቻቸው በአንድ ገጽ እንዲወጡ አደረጉ። "ይህን እኔ ራሴ ይዤ እገባለሁ" አሉ። ይዘው ገቡ። ከበላይ ግን ወረቀቱን ተቀብለናል ከማለት በቀር መልስ አልመጣም። በሳምንቱ ሲጠይቁ "እየታየ ነው" ተባሉ።

ሙሄ እየታየ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነለትም። ለእናቱ ነገራት፤ ዙህራ ለሸሪፋ ነገረች። ሸሪፋ የሥልጤ ሴት ናት፣ አትክልት ተራ እህል ነጋዴ። ድምፅዋ ሲነሳ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ሸክማቸውን አውርደው ያዳምጣሉ። ዓርብ ቀን ከስግደት በኋላ ተራው መሃል ቆማ፣ "የዙህራ ልጅ የሰው ውሃ ደፍቶ መጥቷል! የኛ ልጅ የደፋውን እኛ ነን የምንተካው!" አለች። ወሎዬው፣ ጉራጌው፣ መንዜው ሳቀ። ሲስቅም ጆንያ ይዞ መጣ። በአራት ቀን ውስጥ አንድ ትሬንታ ኳትሮ በማሽላና በባቄላ ተሞላ፤ ላዩ ላይ በርሜል ተጫነ። ለአገሩ ሁሉ ጠብታ ነው፤ ሙሄም ያውቃል። ለቀይ አፈር ግን እስከ ጥቅምት አቆያት። በጥቅምት ሰዎቹ ከደጋ ዘመዶቻቸው ጋር የሚቀላቀሉበትን መንገድ አገኙ።

ያ መኪና ሲመለስ ሼህ እንድሪስንና ሀጂራን ይዞ መጣ። ዙህራ ናት የላከችባቸው። "ሞራ አዲስ አበባ ይነሳል፤ ቤቴ ቤታችሁ ነው" ብላ። መለኪያውን ለጎረቤት መምህር አደራ ሰጥተው፣ አለካኩን ሁለት ቀን ሙሉ አስተምረውት ነው የተነሱት።

የነሐሴ መጨረሻ ነበር። መኪናው አትክልት ተራ አወረዳቸውና ሙሄ በሰይቼንቶ ታክሲ ወደ ቤት ይዟቸው ሄደ። ጊዮርጊስ አደባባይ ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ የታክሲዋን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሼህ እንድሪስ የልጃቸውን ክንድ ጨመደዱ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ዝናብ ነው፣ አባዬ።"

"ዝናብ? ይህ ሁሉ?" አሉና "አቁም ልጄ" አሉት ሾፌሩን።

ወረዱ። መሃል መንገድ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ጢማቸው ረጠበ፣ ጥምጥማቸው ረጠበ። አፋቸውን ከፍተው ጠጡ። መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ከቡና ቤቱ በረንዳ የተጠለለ አንድ አራዳ፣ "አባቴ፣ ጃንጥላ ረሱ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ከጎኑ ያለው ግን ሽማግሌው እያለቀሱ መሆናቸውን አይቶ ነው መሰል ትከሻውን ያዘው። ሀጂራ አባቷ አጠገብ ቆማ፣ በአደባባዩ ዙሪያ የሚወርደውን ጎርፍ ታይ ነበር። "ሁሉም ወዴት ነው የሚሄደው?" አለችው ሙሄን። "ወደ ወንዝ" አላት። "ማንም አይዘውም?" "ማንም።" ራሷን ነቀነቀች።

በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ወንዙ ዳር ያሉት ሴቶች ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ሀጂራ ከዙህራ ጋር ደጅ ተቀምጣ ቅመም ትለቅማለች። በድንገት እጇን አቆመች።

"ድንጋይ ይሰማሻል?"

"የምን ድንጋይ?"

"ውሃ ውስጥ የሚጋጭ።" ተነስታ ወንዙን አየች። ውሃው ገና አልሞላም፤ ግን ጠቁሯል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። "ደራሽ ነው! ተነሱ! ከላይ ዘንቦ ደራሽ እየመጣ ነው!"

ጎረቤቶቹ ሳቁባት። ፀሐይ ወጥታ፣ ዝናብ ቆሞ፣ ያውም ዝናብ ከማያውቅ አገር የመጣች ሴት ስለ ጎርፍ ትናገራለች! ግን በቆላ ጎርፍ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ጋራው ላይ ይዘንባል፣ ሜዳው በፀሐይ ሳለ ይወሰዳል። ሀጂራ አልተከራከረችም። የቅርቧን ጎረቤት ሕፃን አንስታ ዳገቱን ሮጠች፤ እናቱ እየጮኸች ተከተለቻት፤ እናቱን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። ዙህራ የሽማግሌውን እጅ ይዛ ወጣች። ዳገቱ ላይ ደርሰው ዞር ሲሉ ከእንጦጦ የወረደው ውሃ ድልድዩ ሥር ገባ። የዙህራን ማድ ቤት አንስቶ ወሰደው። የሁለት ቤት ግድግዳ ፈረሰ፤ የአንዱ ጎረቤት ሁለት አህዮች ከነጭነታቸው ሄዱ። ሰው ግን አልተነካም።

ሙሄ ከመሥሪያ ቤት ሮጦ ሲደርስ ሁሉም ጭቃ ለብሰው ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሕፃኑ ሀጂራ ጭን ላይ ተኝቷል። ሙሄ ከእናቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ከዚያ ሀጂራ ፊት ቁጢጥ አለና፣ ያን ሁሉ ሰው ረስቶ፣ "ታገቢኛለሽ?" አላት።

"ይህን አባቴን ነው የሚጠይቁት" አለች ቀና ሳትል።

"አለሁ፣ እሰማለሁ" አሉ ሼህ እንድሪስ ከጎን። "ግን የማላየውን ሰው አማች አላደርግም። መጀመሪያ ሞራው ይነሳልኝ።"

ሞራው በጥቅምት ተነሳ፤ የቀኝ ዓይናቸው በደንብ፣ የግራው በመጠኑ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሙሄን ከእግር እስከ ራስ መረመሩና "ቀጭን ነህ" አሉት። ኒካሁ በኅዳር ታሰረ። አቶ ተክለሃይማኖት አዲስ ጃንጥላ ይዘው መጡ። የጎሬው ሙሉዓለም በፖስታ አንድ ቆርቆሮ ማር ላከ፤ ማሩም ውሃ ውሃ ይል ነበር።

ሽማግሌው ከሠርጉ በኋላ መቀመጥ አልፈለጉም። "ሰማዩን እዚያ ጥዬው መጥቻለሁ፤ ዓይን ሳይኖረኝ የጠበቅሁትን አሁን ማየት አለብኝ" ብለው ወደ ቀይ አፈር ተመለሱ፤ መለኪያውንም ከመምህሩ ተረከቡ። አሁን ቅጹን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ፊደላቸው እንደ ልጃቸው አይደለም፤ እያንዳንዱ ቁጥር የበቆሎ ፍሬ ያህላል። ሙሄና ሀጂራ ከድልድዩ ወደ ላይ ዳገቱ ላይ፣ ለዙህራም ክፍል ያለው ቤት ተከራይተው ገቡ። ቅጹ በደረሰ ቁጥር ሙሄ ለአንድ ቀን ወደ ቤት ይዞት ይመጣል፤ አቶ ተክለሃይማኖትም ያላዩ ይመስላሉ።

በሚቀጥለው ሐምሌ ቅጽ ላይ፣ ለብዙ ዓመት ያልታየ ነገር፣ በአንድ ቀን "አርባ ሚሊ ሜትር! አልሐምዱሊላህ!" ተጽፎ መጣ። ዙህራ እልል አለች። ሙሄ ቀናቱን አንድ በአንድ ይደምር ጀመር። ሀጂራ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና ቅንድቧን ሰበሰበች። ሥሩ ላይ የተሰረዘ ሠላሳ ስምንት ነበር። ያንኑ ዕለት ቁጭ ብላ ጻፈችላቸው፦ "አባዬ፣ በደስታ ዝናብ አይጨመርም።"

መልሳቸው በሦስት ሳምንት ደረሰ። "ልክ ነሽ ልጄ። ሁለቱን መልሼአለሁ። መጨመሬ ግን ከስስት አይደለም፤ ከመለኪያው ውጭ ጢሜ ላይ የወደቀው ስንት እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው።" ሀጂራ አንብባ ሳቀች። ሙሄ መዝገቡ ላይ ሠላሳ ስምንት ብሎ ጻፈ።